ንጉሥም ይከሰሳል

እ.ኤ.አ. ኦገስት 8 ቀን 1945፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ አምስት ሰዎች ለንደን ውስጥ በአራት መንግሥታት ስም አንድ ሰነድ ፈረሙ። ከሁለት ቀን በፊት ሂሮሺማ፣ በማግስቱ ደግሞ ናጋሳኪ በአቶም ቦምብ ስለነደዱ የሳምንቱ ወሬ የእነሱ አልሆነም። ሰነዱም ሲያዩት ዓይን አይሞላም፤ ሰባት አንቀጽ ያለው ስምምነትና ከእሱ ጋር የተያያዘ ሠላሳ አንቀጽ ያለው ቻርተር ነው። በአንድ መቀመጫ ተነቦ ያልቃል። የኑረምበርግ ፍርድ ቤት የቆመው በዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ቶኪዮ፣ ሄግና አሩሻ ላይ የተሰየሙት ችሎቶችም መሠረታቸውን ከዚሁ ወስደዋል።

ኑረምበርግ ሲነሳ ሰው የሚያስታውሰው ችሎቱን ነው፤ ማዳመጫ የደፋውን ጎሪንግን፣ ከማጎሪያ ካምፖች የመጣውን ፊልም፣ የስቅላቱን ፍርድ። እዚህ የምናየው ግን ጽሑፉን ነው። ሕግ ማርቀቅ ሙያ ነው። የአርቃቂው ብቃት የሚታወቀውም በመግቢያው ላይ በደረደራቸው ትልልቅ ቃላት ሳይሆን ሐረግ ከሐረግ ባጋጠመበት ቦታ ነው። በዚህ ቻርተር ውስጥ እነዚያ መጋጠሚያዎች እስከ ዛሬ በግልጽ ይታያሉ። በጥንቃቄ የተገጠመውም፣ በችኮላ የተተወውም፣ ሆን ተብሎ የጠበበውም ይለያል።

መጀመሪያ የአርቃቂዎቹን ችግር እንረዳ። የጦርነት ሕግ ከዚያ በፊትም ነበረ። የ1907ቱ የሄግ ስምምነት ምርኮኛ እንዳይገደል፣ ከተማ እንዳይዘረፍ ይከለክላል። በ1928 ፓሪስ ላይ የተፈረመው የኬሎግ-ብሪያን ውል ደግሞ ጦርነትን የመንግሥት ፖሊሲ መሣሪያ ማድረግን አውግዟል። ነገር ግን አንዳቸውም ይህን የጣሰ ሰው በየትኛው ፍርድ ቤት እንደሚቀርብና ምን እንደሚፈረድበት አይናገሩም። ተዋዋዮቹ መንግሥታት ናቸው፤ መንግሥት ደግሞ እጁ ለካቴና አይመችም። እንግሊዞች እስከ 1945 ጸደይ ድረስ ዋናዎቹን የናዚ መሪዎች ያለ ፍርድ መረሸን ይሻላል ይሉ የነበረው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ፍርድ ቤት ከተቋቋመ ጠበቃ ይመጣል፣ ጠበቃው ደግሞ "ሕጉ የታል?" ብሎ ይጠይቃል።

ድርድሩ ከጁን 26 ጀምሮ ስድስት ሳምንት ያህል ፈጀ። በጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት የአሜሪካው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሮበርት ጃክሰን፣ ፈረንሳዊው ዳኛ ሮበር ፋልኮ፣ እንግሊዛዊው ሰር ዴቪድ ማክስዌል ፋይፍ (የፈረሙት ግን ከምርጫው በኋላ የመጡት ሎርድ ጆዊት ናቸው)፣ ከሶቪየት ኅብረት ጄኔራል ኒኪቼንኮና ፕሮፌሰር ትራይኒን ነበሩ። ኒኪቼንኮ በ1936 በስታሊን ተቃዋሚዎች ላይ በፈረደው የሞስኮ ችሎት ዳኛ ሆነው የተቀመጡ ናቸው። የአሜሪካና የእንግሊዝ የሕግ ሥርዓት የቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ የፈረንሳይና የሶቪየት ግን ሌላ መንገድ ይከተላሉ። በሁለተኞቹ ዘንድ ማስረጃው ሁሉ ተሰብስቦ ከክሱ ጋር አስቀድሞ ለዳኛው ይቀርባል። በመጀመሪያዎቹ ዘንድ ዳኛው ባዶ እጁን ችሎት ይሰየማል፣ ማስረጃውም እዚያው በጥያቄና በመስቀለኛ ጥያቄ ይወጣል።

ይህን ልዩነት የፈቱበት መንገድ ከመጀመሪያዎቹ የሙያ ምልክቶች አንዱ ነው። አንዱን ሥርዓት አንግሠው ሌላውን አልጣሉም፤ ጥያቄ በጥያቄ እየለዩ መረጡ። አንቀጽ 16 ክሱ በዝርዝር ተጽፎ፣ ተከሳሹ በሚገባው ቋንቋ ተተርጉሞ፣ በቂ ጊዜ ሲቀረው እንዲደርሰው ያዛል። ዝርዝር ክስ ወደ አውሮፓው ልማድ ያዘነብላል። ምስክርን በመስቀለኛ ጥያቄ የመፈተን መብት ደግሞ ከእንግሊዝ ወገን የመጣ ነው። ተከሳሹ እንደ እንግሊዙ ልማድ ቃለ መሐላ ፈጽሞ ለራሱ መመስከር ይችላል። በመጨረሻም እንደ ፈረንሳዩ ልማድ ሳይምል፣ ማንም ሳያቋርጠው፣ የስንብት ቃሉን ይናገራል። በአገሩ ፍርድ ቤት ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያገኝ የነበረ ተከሳሽ እዚህ ሁለቱንም አገኘ። ስምምነት ብዙ ጊዜ መብትን ከሁለቱም ወገን ሸራርፎ ይቀንሳል፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን ጨምሯል።

አንቀጽ 4ም ዓይን ይስባል። ዳኞቹ አራት ናቸው። በተራ ጉዳይ ላይ ድምፅ ሁለት ለሁለት ሲከፈል የሰብሳቢው ድምፅ ይለያል። ጥፋተኛ ለማለትና ቅጣት ለመወሰን ግን ቢያንስ ሦስት ድምፅ ያስፈልጋል። አርቃቂዎቹ ለድል አድራጊ መንግሥታት ፍርድ ቤት እያቋቋሙ፣ ጥርጣሬው ለተከሳሹ እንዲሠራ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቦታ አስቀመጡለት። ሻኽት፣ ፎን ፓፐንና ፍሪትሸ በነጻ ሲለቀቁ ኒኪቼንኮ ተቃውሞአቸውን በጽሑፍ ከማስፈር ያለፈ ማድረግ አልቻሉም።

የቻርተሩ እምብርት አንቀጽ 6 ነው። ሦስት ወንጀሎችን በሦስት ፊደል ይዘረዝራል፦ በሰላም ላይ የሚፈጸም ወንጀል፣ የጦር ወንጀል፣ በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል። ለሦስቱ ርዕስ መስጠት እንደሚገባ ለጃክሰን ያማከሩት በካምብሪጅ ያስተምሩ የነበሩት ሄርሽ ላውተርፓክት ናቸው፤ በጁላይ መጨረሻ ጃክሰን ቤታቸው ድረስ ሄደው ነው የተመካከሩት። ላውተርፓክት በዛሬዋ ዩክሬን ከምትገኘው ልቪቭ አጠገብ የተወለዱ አይሁዳዊ ሲሆኑ፣ እዚያ የቀሩት ቤተሰቦቻቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም በናዚዎች እጅ አልቀዋል።

የአደራደሩ ጥበብ ሦስቱ ወንጀሎች አንዱ የሌላውን ክፍተት መድፈናቸው ነው። "ለ" አሮጌ ሕግ ነው፤ ምርኮኛ መግደል፣ ሰላማዊ ሰውን ለባርነት ሥራ ማጋዝ፣ ወታደራዊ አስፈላጊነት ሳይኖር ከተማና መንደር ማጥፋት ከሄግ ጀምሮ የተከለከለ ነበር። ይህ ጠንካራው ምሰሶ ነው። ነገር ግን አሮጌው ሕግ የሚጠብቀው የጠላትን አገር ሰው ነው፤ ጀርመን የራሷን አይሁድ ዜጎች ብትገድል "ለ" አይደርስባትም። "ሐ" የተጻፈው ለዚህ ነው፤ "በማንኛውም ሰላማዊ ሕዝብ ላይ" ይላል፣ ድርጊቱ የተፈጸመበት አገር ሕግ ቢፈቅደውም ባይፈቅደውም ልዩነት የለውም ብሎ ይጨምራል። ይህ ጭማሪ ባይኖር ኖሮ እያንዳንዱ ተከሳሽ የበርሊንን የሕግ ጋዜጣ ገልጦ ባሳየ ነበር። "ሀ" ደግሞ ሁለቱም የሚበቅሉበትን ጦርነት ራሱን፣ ያቀዱትንና የጀመሩትን ሰዎች ይይዛል።

አሁን በቅርበት መታየት ያለበት ወደ አንድ ሥርዓተ ነጥብ እንምጣ። በነሐሴው የእንግሊዝኛና የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ፊደል "ሐ" መካከል ላይ ድርብ ሰረዝ ነበረ። ከድርብ ሰረዙ በፊት ግድያ፣ ማጥፋት፣ ባርነትና ማጋዝ "ከጦርነቱ በፊትም ሆነ በጦርነቱ ጊዜ" ተብለው ይዘረዘራሉ። ከእሱ በኋላ በፖለቲካ፣ በዘርና በሃይማኖት ምክንያት ማሳደድ ይመጣል፤ ይህም "ፍርድ ቤቱ ከሚያያቸው ወንጀሎች ከአንዱ ጋር በተያያዘ" ከተፈጸመ ነው የሚያስጠይቀው። ድርብ ሰረዙ እንዳለ ከተነበበ ገደቡ የሚያርፈው በማሳደዱ ላይ ብቻ ነው፤ ከ1939 በፊት በጀርመን ውስጥ የተፈጸመ ግድያ ከጦርነቱ ጋር ባይያያዝም ያስከስሳል። የሩሲያኛው ጽሑፍ ግን በዚያ ቦታ ነጠላ ሰረዝ ነበረው። ኦክቶበር 6 ቀን በርሊን ላይ አራቱ መንግሥታት ልዩ ፕሮቶኮል ፈርመው ትክክለኛው ሩሲያኛው ነው አሉ፣ ድርብ ሰረዙም ነጠላ ሆነ። ክሱ ለፍርድ ቤቱ የገባው ከ12 ቀን በኋላ ነው።

በዚያች ነጠላ ሰረዝ ገደቡ ሁሉንም አጠቃለለ። በ1935 እዚያችው ኑረምበርግ ውስጥ የታወጁት የዘር ሕጎች፣ በኖቬምበር 1938 የተቃጠሉት ምኩራቦች፣ ከጦርነቱ በፊት በካምፖች የሞቱት እስረኞች፣ ሁሉም ከጦርነት ጋር መያያዛቸው ካልተረጋገጠ ከሕጉ ውጭ ቀሩ። ዳኞቹ ድርጊቱ ዘግናኝ እንደነበረ በፍርዳቸው አስፍረዋል፤ ሆኖም በጥቅሉ ሲታይ ከ1939 በፊት የሆነው በቻርተሩ ትርጉም በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ነው ለማለት አንችልም ብለዋል። ይህ የጸሐፊ ስህተት አልነበረም። ከፈራሚዎቹ አንዱም፣ መንግሥት ጦርነት በሌለበት በራሱ ዜጋ ላይ ለሚያደርገው ነገር የውጭ ፍርድ ቤት እንዲጠይቀው አይፈልግም ነበር። ጃክሰን ራሳቸው በድርድሩ ላይ በአሜሪካም አናሳዎች ፍትሕ የሚያጡበት ሁኔታ መኖሩን ሳይሸሽጉ ተናግረዋል። ረቂቅ ሕግ የአርቃቂውን ፍርሃት ጭምር ይመዘግባል።

ወደ አንቀጽ 7 ስንሻገር የተለየ ድፍረት እናገኛለን። እኛ ዘንድ "ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ" ይባላል። የዓለም አቀፉ ሕግም ለዘመናት በዚሁ ተረት ነው የኖረው። አንቀጽ 7 በአንዲት ዓረፍተ ነገር ይሽረዋል፤ የአገር መሪ መሆንም ሆነ የመንግሥት ባለሥልጣን መሆን ከኃላፊነት ነጻ አያወጣም፣ ቅጣትንም አያቀልም። አንቀጽ 8 ደግሞ ከታች ያለውን ይይዛል፤ የበላይ ትእዛዝ ፈጸምሁ ማለት ነጻ አያወጣም፣ ፍትሕ የሚጠይቅ መስሎ ለፍርድ ቤቱ ከታየው ግን ቅጣት ሊያቀልለት ይችላል።

ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ነው ደስታው። ላይኛው "እኔ መንግሥት ነበርሁ" ይላል፣ ታችኛው "እኔ ታዝዤ ነው" ይላል፤ ሁለቱም ከተፈቀዱ ሚሊዮኖች ሞተው ገዳይ አይገኝም። አርቃቂዎቹ ሁለቱንም በሮች ዘጉ፤ አዘጋጋቸው ግን እኩል አይደለም። ለላይኛው ማቅለያ እንኳን አልተዉለትም። ለታችኛው ግን ትንሽ ቀዳዳ ተዉለት፣ መክፈቻውንም ለዳኛው ሰጡት። ሥልጣን በበዛ ቁጥር ምሕረት ያንሳል ማለት ነው። ይህን ለማለት የፈጀባቸው ሁለት አጫጭር አንቀጽ ብቻ ነው።

ቻርተሩ ከአርቃቂዎቹ እጅ ሲወጣ ግን ገና ያልተሞረደ ጠርዝ ነበረው። የሞረዱት በሰር ጄፍሪ ሎረንስ ሰብሳቢነት የተሰየሙት ዳኞች ናቸው። ኖቬምበር 20 ቀን 1945 የተከፈተው ችሎት በሴፕቴምበር 30 እና በኦክቶበር 1 ቀን 1946 ፍርዱን ሲያነብ፣ ጠበቆቹ ገና ከመጀመሪያው ያነሱትን ከባዱን ጥያቄ መመለስ ነበረበት፤ ድርጊቱ በተፈጸመ ጊዜ ሕግ ሳይኖር ወንጀል እንዴት ይኖራል?

ዳኞቹ መሠረቱን በሁለት ድንጋይ ላይ ነው ያሳረፉት። አንደኛው ሥልጣን ነው፤ ጀርመን ያለ ቅድመ ሁኔታ እጅ ሰጥታለች፣ አራቱ መንግሥታት የአገሪቱን የበላይ ሥልጣን ይዘዋል፣ እያንዳንዱ ለብቻው ሕግ ማውጣት ይችል የነበረውን በኅብረት አወጡት። ሁለተኛው ፍትሕ ነው፤ ያለ ሕግ ቅጣት የለም የሚለው መርህ የፍትሕ መርህ ነው፣ ውል አፍርሶ ጎረቤቱን የወረረ ሰው ደግሞ ጥፋት እየሠራ መሆኑን ያውቃል፣ እሱን ያለ ቅጣት መልቀቅ ነው ፍትሕን የሚያጓድለው። የሄግ ስምምነት የሚሠራው ተዋጊዎቹ ሁሉ ከፈረሙ ብቻ ነው ለሚለው ክርክርም መልስ አገኙ፤ በ1939 እነዚያ ደንቦች በሠለጠኑ አገሮች ሁሉ ዘንድ የታወቁ ልማዳዊ ሕግ ሆነው ስለነበር የፈረመውንም ያልፈረመውንም ያስሩታል። ከሦስቱ መልሶች ጠንካራው ይህ የመጨረሻው ነው። ደካማው ደግሞ በሁለተኛው ውስጥ የኬሎግ-ብሪያንን ውል ወደ ወንጀል ሕግ ለመለወጥ የሄዱበት መንገድ ነው፤ ውሉ ቅጣት አያውቅም፣ ዳኞቹም ይህን በክርክር እንጂ በጽሑፍ አልሞሉትም።

የሰፋውን በማጥበብ ረገድ ግን እጃቸው ይደነቃል። ከአሜሪካ የመጣው የአድማ ክስ ሁሉንም በአንድ ገመድ ሊያስር ይፈልግ ነበር። ዳኞቹ ቻርተሩን በጥብቅ አንብበው አድማ የሚያስከስሰው ወረራን በማቀድ ብቻ ነው አሉ። አንቀጽ 9 አንድን ድርጅት በሞላው ወንጀለኛ ለማለት ይፈቅዳል፤ ይህ አደገኛ ስለት ነው። እነሱ ግን አባሉ የድርጅቱን የወንጀል ዓላማ ማወቁን ወይም በድርጊቱ መሳተፉን ጠየቁ፣ ተገድዶ የገባውን ለዩ፣ ከተከሰሱት ስድስት አካላት መካከል የናዚ ፓርቲውን ታጣቂ ክንፍ ኤስ.ኤ.ን፣ የመንግሥቱን ካቢኔና የጦሩን ጠቅላይ ዕዝ አላወገዙም። በአድሚራል ዶኒትዝ ጉዳይ ደግሞ የአሜሪካው አድሚራል ኒሚትዝ በጽሑፍ በሰጡት ምላሽ የእሳቸውም ባሕር ሰርጓጆች በፓሲፊክ እንዲያው እንደተዋጉ ገለጹ። ዳኞቹ ዶኒትዝ የባሕር ሰርጓጅ ሕግን ጥሷል ብለው ሲያበቁ፣ ቅጣቱ ግን በዚህ ጥሰት ላይ አልተመሠረተም ብለው ጻፉ። አሸናፊውም ያደረገውን ተሸናፊው ላይ ብቻ ማሳረፍ ከበዳቸው።

ይህ ጥንቃቄ ሁሉ ዋናውን እንከን አያጠፋም። ፋልኮና ኒኪቼንኮ ሕጉን አርቅቀው በዳኝነት ወንበር ተቀመጡ፤ ጃክሰንና ማክስዌል ፋይፍ አርቅቀው ዐቃቤ ሕግ ሆኑ። በአንቀጽ 3 ተከሳሽ ዳኛ ይነሳልኝ ማለት አይችልም። የፖላንድ መኮንኖች የተረሸኑበት የካቲን ጭፍጨፋ በክሱ ውስጥ ለጀርመኖች ተሰጥቶ ነበር፤ ማስረጃው ወደ ሶቪየቶች ሲያመለክት ፍርዱ ስሙን ሳያነሳ አለፈው። ቻርተሩ ራሱም የሚዳኘው ለአውሮፓ አክሲስ አገሮች የሠሩትን ብቻ ነው።

ሆኖም ሥራው ከሠሪዎቹ ፍላጎት አልፎ ሄደ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዲሴምበር 1946 መርሆቹን አጸደቀ፣ በ1950 በሰባት ነጥብ ተቀመሩ። የሩዋንዳው ፍርድ ቤት በ1994፣ የሮማው ስምምነት በ1998 የጦርነቱን ገደብ ከ"ሐ" ላይ አነሱት፤ የበርሊኗ ነጠላ ሰረዝ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገዝታ ተሻረች። ኢትዮጵያም የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለውን ስምምነት ጁላይ 1 ቀን 1949 ከዓለም ቀድማ አጸደቀች። በእኛ አቆጣጠር በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጓ በአንቀጽ 281 የፖለቲካ ቡድንን ጭምር ከጥበቃው ውስጥ አስገባ፤ ይህን ዓለም አቀፉ ስምምነት አላደረገውም። መንግሥቱ ኃይለማርያም በሌለበት ተከስሶ በ2006 እ.ኤ.አ. ጥፋተኛ የተባለው በዚሁ አንቀጽ ነው።

ስለ ሙያው ፍርድ ስጥ ብባል፣ መጋጠሚያው የጸና፣ በሩ የጠበበ ሥራ ነው እላለሁ። የበሩን ጥበት ከማንም በላይ የምናውቀው እኛ ነን። ስምምነቱን በአምስተኛው አንቀጽ መሠረት ከተቀበሉት 19 መንግሥታት አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ጣሊያን የአውሮፓ አክሲስ አገር ናት፤ ወረራው በ"ሀ"፣ የመርዝ ጋዙ በ"ለ"፣ የየካቲት 12 ጭፍጨፋ በ"ለ"ም በ"ሐ"ም በግልጽ ይያዛል። የ1947ቱ የሰላም ውል የጣሊያን ተጠያቂነት ለኢትዮጵያ ሲሆን ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 እንዲቆጠር ደንግጓል። በማርች 1948 የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ባዶሊዮና ግራዚያኒ ባሉበት የኢትዮጵያ ዝርዝር ላይ ለክስ የሚበቃ ማስረጃ መኖሩን ተቀበለ፤ ወዲያው ኮሚሽኑ ራሱ ተዘጋ። ግራዚያኒ በ1950 በአገሩ ወታደራዊ ፍርድ ቤት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ተፈታ። በኢትዮጵያ ላይ ለተፈጸመው ወንጀል ከጣሊያን አዛዦች አንድም ሰው በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ፊት አልቆመም።